የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መሠረታዊ የሕክምና ሳይንሶችን እንዴት እንከልስ?

የፈተና ወቅት ሲቃረብ ለዚህ ዓምድ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ይዘት ይለወጣል። ስለ ደም ግፊትና ስለ ጨጓራ ሕመም የሚጠይቁን አንባቢያን ቦታውን ለተማሪዎችና ለጤና ባለሙያዎች ይለቁላቸዋል፤ እነዚህም የሚጠይቁት አናቶሚን፣ ባዮኬሚስትሪን፣ ጄኔቲክስንና ኢሙኖሎጂን (የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ጥናትን) እንደገና ከሥር ጀምሮ ስለ መከለስ ነው። ከደብዳቤዎቹ የተመረጡትን አሳጥረን ከነመልሳቸው አቅርበናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የቅድመ ክሊኒክ ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ሆስፒታል ልምምድ የሚያሻግረውን አጠቃላይ ፈተና እየተጠባበቅሁ ነው። ትምህርቶቹን በተሰጡበት ጊዜ በጥሩ ውጤት አልፌአቸው ነበር። አሁን ግን የመጀመሪያውን ዓመት ደብተሬን ስገልጥ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ አነባለሁ፤ ማታ ምን እንዳነበብሁ ብጠየቅ መልስ የለኝም። የቀረኝ ሁለት ወር ያህል ነው። ከየትኛው ትምህርት ልጀምር?
የሕክምና ተማሪ፣ ጅማ

መልስ፦ ከየትኛው ትምህርት ልጀምር ብለህ መጠየቅህ ራሱ የችግሩ አካል ይመስለኛል። አራቱ ትምህርቶች በተለያዩ መምህራን፣ በተለያየ ጊዜና በተለያየ ደብተር ስለ ተሰጡህ የተለያዩ ነገሮች ሆነው ቀርተውብሃል። በታማሚው ሰውነት ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ድንበር የለም። የአጠቃላይ ፈተና አዘጋጆችም ይህን ስለሚያውቁ ጥያቄያቸውን የሚያወጡት ትምህርቶቹ ከሚገናኙበት ቦታ ነው። ስለዚህ በትምህርት ከመጀመር ይልቅ በበሽታ ጀምር፤ አንድ ታማሚ ፊትህ እንደ ተቀመጠ አስብና «ለምን?» እያልህ እስከ ሞለኪዩሉ ድረስ ውረድ።

በአገራችን በብዙ ወረዳዎች የሚታየውን የእግር ዝሆኔን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስን፣ እንውሰድ። ታማሚው ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር በሚበልጥ፣ ዝናብ በማያጣው፣ ቀይ አፈር ባለበት ደጋ የሚኖርና ለዓመታት በባዶ እግሩ ያረሰ ገበሬ ነው። እብጠቱ ከእግሩ ጣቶችና ከመርገጫው ጀምሮ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ሁለቱም እግሮቹ ታመዋል፤ አንዱ ግን ከሌላው ይብሳል፤ ከጉልበት በላይ ግን ምንም የለም።

መጀመሪያ አናቶሚውን ጠይቅ። የእግር ሊምፍ፣ ማለትም ከሕብረ ሕዋስ ወደ ደም የሚመለሰው ፈሳሽ፣ በየት በኩል ይጓዛል? ከቆዳው ሥር ያሉት የሊምፍ ቧንቧዎች አብዛኞቹ ትልቁን የሳፊነስ ደም መልስ ተከትለው በብሽሽት ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች ይሄዳሉ፤ ከተረከዝና ከእግር ውጫዊ ጎን የሚነሡት ደግሞ ትንሹን ሳፊነስ ተከትለው ከጉልበት በስተኋላ ወዳሉት ዕጢዎች ይገባሉ። ሊምፍን የሚገፋ ልብ የለም፤ የሚገፉት የራሳቸው የቧንቧዎቹ መኮማተርና የባት ጡንቻ እንቅስቃሴ ሲሆኑ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግዱት ቫልቮች ናቸው። ይህን ካወቅህ ቧንቧዎቹ ሲዘጉ እብጠቱ ለምን ከታች እንደሚጀምር ለመረዳት ሽምደዳ አያስፈልግህም። በፊላሪያ ትል ከሚመጣው ዝሆኔ የሚለይበት መንገድም ከዚሁ ይገኛል፤ በትሉ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ብሽሽትንና የወንድ ብልትን አካባቢ ጭምር ስለሚይዝ፣ የታማሚውን ብሽሽት ሳይመለከት ምርመራውን የሚዘጋ ተማሪ ግማሹን መልስ ጥሎ ሄዷል ማለት ነው።

ቀጥሎ ኢሙኖሎጂ ይመጣል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው አፈር ረቂቅ ቅንጣቶች በቆዳ በኩል ይገባሉ፤ ማክሮፌጆች የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳትም ይውጧቸዋል፤ በታማሚዎች የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥም ቅንጣቶቹ ተገኝተዋል። ታዲያ በዚያው አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱት የአንድ መንደር ሰዎች አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ይተርፋል? ይህ ጥያቄ ወደ ጄኔቲክስ ያሻግርሃል። በወላይታ በተደረገ ጥናት የታማሚዎች ወንድሞችና እኅቶች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ በ5 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ ታይቷል። በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት፣ መላውን የዘረመል ስብስብ የዳሰሰ ጥናት፣ የተጋላጭነቱ ምልክት ያለው በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ የኤችኤልኤ ክፍል ሁለት ጂኖች ባሉበት ስፍራ እንደሆነ አሳየ። የክፍል ሁለት ሞለኪዩሎች ሥራ ምን ነበር? ተውጦ የተቆራረጠውን ባዕድ ነገር ይዘው ሲዲ4 ለተባሉት የመከላከያ ቲ ሕዋሳት ማቅረብ ነው። ስለዚህ በሽታው በቆሻሻ ብቻ የመጣ ሳይሆን የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በአፈሩ ላይ የሚሰጠው የተዛባ ምላሽ ያለበት ሊሆን እንደሚችል ከአንድ የጂን ስፍራ ተነሥተህ ትገምታለህ። ተማሪዎች ዘወትር የሚያምታቱትን ክፍል አንድንና ክፍል ሁለትን ለመለየት ተማሪዎቼ የሚጠቀሙበት የማባዛት ዘዴ ጥሩ ነው፤ አንድ ሲባዛ በስምንት፣ ሁለትም ሲባዛ በአራት ውጤታቸው ስምንት ነውና፣ ክፍል አንድ ከሲዲ8፣ ክፍል ሁለት ከሲዲ4 ጋር ይሄዳል።

ባዮኬሚስትሪውም ከዚህ አይርቅም። በተዘጋ የሊምፍ ቧንቧ ምክንያት የሚጠራቀመው ፈሳሽ ፕሮቲን የበዛበት ስለሆነ ጠጣር ሕብረ ሕዋስ እንዲያድግ ይጋብዛል፤ ስለዚህ የቆየ ዝሆኔ በጣት ሲጫኑት አይጎደጉድም። በኩላሊት ሕመም አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ሲያንስ የሚመጣው እብጠት ግን ፕሮቲኑ ጥቂት ስለሆነ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ይህን ልዩነት ስታስረዳ በካፒላሪ (በረቂቅ የደም ሥር) ግድግዳ ላይ ያሉትን ግፊቶች ሚዛን፣ ማለትም የስታርሊንን ሕግ፣ ሳታስበው ከልሰሃል። መከላከያው ጫማና የእግር ንጽሕና መሆኑ ደግሞ የተጋላጭነቱ ጂን ያላቸው ሰዎች ሁሉ የግድ እንደማይታመሙ፣ ጂንና አካባቢ አብረው እንደሚሠሩ የሚያስተምር ምሳሌ ነው፤ በደብተርህ ላይ «መልቲፋክቶሪያል» ብለህ በአንድ መስመር ያለፍኸው ቃል ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ በዚሁ መንገድ የምትሄድባቸውን በሽታዎች ራስህ ምረጥ። እንቅርት፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር በሽታና የልብ ቁርጥማት ከተመረጡ አብዛኛውን የሁለት ዓመት ትምህርት ይሸፍናሉ። ጓያንም አትርሳ፤ በድርቅ ዘመን ለወራት ጓያ ብቻ በበሉ ሰዎች ላይ የሚመጣው የእግር ሽባነት ስለ አሚኖ አሲድና ስለ አከርካሪ ነርቭ መስመሮች አብሮ ይናገራል። በጓያ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የሚባለው ውሁድ ግሉታሜት የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ መስሎ የነርቭ ሕዋሶችን ከልክ በላይ ያነቃቃል፤ ጉዳቱም በላይኛው የሞተር ነርቭ፣ ማለትም ከአንጎል ወደ አከርካሪ በሚወርደው የእንቅስቃሴ ነርቭ ላይ ስለሚያርፍ እግሮቹ ይገተራሉ እንጂ አይልፈሰፈሱም፣ ስሜትም አይጠፋም። ሰልፈር ያላቸው አሚኖ አሲዶች የሚገኙባቸው እህሎች ከጓያው ጋር ሲቀላቀሉ ጉዳቱ እንደሚቀንስም ታይቷል። ለዚህ በሽታ የላይኛውንና የታችኛውን የሞተር ነርቭ ልዩነት የሚያሳይ ሠንጠረዥ መሸምደድ አያስፈልግም፤ ታማሚው ሲራመድ ማየት ይበቃል።

የማንበብ ዘዴህን ግን መለወጥ አለብህ። ቀኑን ሙሉ እያነበብህ ማታ የማታስታውሰው ሰነፍ ስለሆንህ አይደለም፤ ገጽን ደጋግሞ ማንበብ «አውቀዋለሁ» የሚል ስሜት ስለሚሰጥና ያ ስሜት ስለሚያታልል ነው። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ አንድ ጽሑፍ አራት ጊዜ ያነበቡት ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንድ ጊዜ አንብበው ሦስት ጊዜ ከትውስታቸው የጻፉትን በልጠዋል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ሲያስታውሱ ከትውስታቸው የጻፉት 61 በመቶ አስታውሰዋል። እንግዲህ ለማታው አታጥና፤ ለሳምንቱ አጥና። ደብተሩን ዝጋ፤ ባዶ ወረቀት ላይ የዝሆኔውን መንገድ ከቆዳ እስከ ጂን ሣል፤ ከዚያ ደብተሩን ከፍተህ የጎደለህን ብቻ አንብብ። በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ ያንኑ ድገም። አንኪ የሚባለውን የካርድ ፕሮግራም ብትጠቀም ክፋት የለውም፤ ሌላ ሰው ያዘጋጀውን በሺህ የሚቆጠር ካርድ አውርደህ ሌሊቱን በመጫን የምታሳልፍ ከሆነ ግን ያው ንባብ በሌላ ልብስ መጣ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ በጠቅላላ ሐኪምነት ለብዙ ዓመታት ሠርቼ አሁን ሜሪላንድ እኖራለሁ። ስቴፕ ዋን ለተባለው የአሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ የመጀመሪያ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ባዮኬሚስትሪና ጄኔቲክስ ከእኔ ዘንድ ጨርሰው ጠፍተዋል። ጓደኞቼ ፈተናው አሁን ማለፍና መውደቅ ብቻ ስለሆነ አትጨነቅ ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?
ሐኪም፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ጓደኞችዎ ስለ ፈተናው የነገሩዎት እውነት ነው፤ የደረሱበት መደምደሚያ ግን ትክክል አይደለም። ከጥር 2022 ጀምሮ በስቴፕ ዋን ላይ የቁጥር ውጤት አይሰጥም። ይሁን እንጂ ፈተናው አንድ ሙሉ ቀን የሚፈጅና እስከ 280 ጥያቄዎች ያሉት ነው፤ መውደቅ ከመዝገብዎ አይጠፋም፤ የሚፈቀደው ሙከራም በአጠቃላይ 4 ጊዜ ብቻ ነው። የቁጥሩ ውድድር ወደ ስቴፕ ቱ ዞረ እንጂ ስቴፕ ዋን አልቀለለም።

እርስዎ ከአንድ ወጣት ተማሪ የሚበልጡበት ነገር አለዎት፤ በሺህ የሚቆጠሩ ታማሚዎችን አይተዋል። ስለዚህ ከመጽሐፉ ወደ ታማሚው ሳይሆን ከራስዎ የመድኃኒት ማዘዣ ወደ መጽሐፉ ይሂዱ። ለሳንባ ነቀርሳ ታማሚ አይሶኒያዚድ ሲያዙ ቫይታሚን ቢ6 ያክሉ ነበር። ለምን? መድኃኒቱ የቢ6ን ሥራ ስለሚያውክ ነው። ቢ6 የሌለው ሰውነት ምን ያጣል? ከግሉታሜት ጋባ የተባለውን አረጋጊ የነርቭ መልእክተኛ የሚሠራው ኢንዛይም ቢ6 ይፈልጋል፤ ስለዚህ ብዙ አይሶኒያዚድ የዋጠ ሰው ይንቀጠቀጣል፤ የመንቀጥቀጡ መድኃኒትም ያው ቢ6 ነው። ሄም የተባለውን ብረት ያዥ የሄሞግሎቢን ክፍል በመሥራት ረገድ የመጀመሪያው ኢንዛይም፣ ግላይሲንንና ሳክሲኒል ኮኤን የሚያጣምረው፣ እርሱም ቢ6 ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቢ6 ሲጎድል ብረት እያለ የደም ማነስ ይመጣል። በየቀኑ ያዙት የነበረው የጉበት ምርመራ፣ ኤኤልቲና ኤኤስቲ፣ እነዚያም የአሚኖ ቡድን የሚያዛውሩ ቢ6 ፈላጊ ኢንዛይሞች ናቸው። እግሩ የሚለበልበው ታማሚ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይሶኒያዚድን በዝግታ የሚሰብር የጂን ዓይነት ያለው ነው። ጠፍቶብኛል ያሉትን ባዮኬሚስትሪ በአንድ ማዘዣ ውስጥ ይህን ያህል ያገኙታል።

ስለ ጄኔቲክስም ከእኛው ሕዝብ የተወሰደ ምሳሌ ልስጥዎት፤ ኮዴይንን ያስቡ። ኮዴይን በራሱ ሕመምን ብዙም አያስታግስም፤ የሚሠራው በጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 በተባለው ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህን ኢንዛይም ጂን በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ እንደያዙ አሳይቷል፤ በስዊድን ይህ ቁጥር ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በተለመደው መጠን ብዙ ሞርፊን በፍጥነት ይፈጥራል፤ ትንፋሹም ሊታፈን ይችላል። ኢትዮጵያ በ2015 ኮዴይንን የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ አግዷል። ፈታኞች የሚወዱት የዚህን ግልባጭ ነው፤ ኢንዛይሙ የሚያነቃው ሳይሆን የሚያመክነው መድኃኒት፣ ለምሳሌ ኖርትሪፕቲሊን፣ ለዚያው ሰው ሲሰጥ ምን ይሆናል? በደም ውስጥ ያለው መጠን ይቀንሳል፤ ሕክምናውም አይሠራም። አንድ ጂን በአንዱ መድኃኒት መርዛማነትን፣ በሌላው ከንቱነትን ያመጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። በየቡድኑ ከፈተና የወጡ ጥያቄዎች ናቸው እየተባሉ የሚዘዋወሩ ስብስቦች አሉ። አይንኳቸው። በሕግ የተከለከሉ ከመሆናቸውም በላይ መልሳቸው ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው፤ በስደት የተገኘ ዕድል በዚህ ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ በጋምቤላ በጤና ጣቢያ የማገለግል ነርስ ነኝ። ለቪቫክስ ወባ ፕሪማኪን የጀመረ አንድ ወጣት ወንድ ሽንቱ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ መጣ። እኅቱ ያንኑ መድኃኒት ወስዳ ምንም አልሆነችም። ወደ ሆስፒታል ላክነው፤ እዚያ የተደረገለት የኢንዛይም ምርመራ ግን ደህና ነው አለ። ትምህርቴን ስከልስ ይህ ነገር አልገባኝ አለ።
ነርስ፣ ጋምቤላ

መልስ፦ እኅታችን፣ ታማሚውን ወዲያው መላክዎ ትክክል ነበር። ጥያቄዎ ሦስት ፈትል አለው፤ ሦስቱም ጂ6ፒዲ ወደሚባለው ኢንዛይም ያመራሉ።

የጎለመሰ ቀይ የደም ሕዋስ ማይቶኮንድሪያ የለውም። ራሱን ከኦክሲጅን ጉዳት የሚጠብቅበት ኤንኤዲፒኤች የሚባለው ውሁድ የሚገኘው ከአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ያም ግሉኮስን በጎን በኩል የሚወስደው የፔንቶስ ፎስፌት መንገድ ነው፤ የዚህ መንገድ የመጀመሪያ ኢንዛይም ጂ6ፒዲ ነው። ኤንኤዲፒኤች ግሉታታዮንን ያድሳል፤ የታደሰው ግሉታታዮን ደግሞ ጎጂውን ፐርኦክሳይድ ወደ ውኃ ይለውጣል። ፕሪማኪን ይህን የመከላከል ሸክም ያበዛዋል። ኢንዛይሙ የጎደለው ሕዋስ ሸክሙን አይችልም፤ ሄሞግሎቢኑ ይረጋል፤ ሕዋሱ ይፈርሳል፤ ሽንት ይጠቁራል። እሸት ባቄላም በአንዳንድ ሰዎች ላይ ይህንኑ ያደርጋል፤ በሜድትራኒያን አካባቢ በሚገኘው የጉድለት ዓይነት ከአፍሪካው ዓይነት ይልቅ ይከፋል።

ወንድየው ታሞ እኅቱ የዳነችው ጂኑ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ አለው፤ እርሱም ከእናቱ የመጣ ነው፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚሄድ ኤክስ የለም። እኅቱ ሁለት ኤክስ ስላላት ከእናቷ ጉድለት ያለበትን ወርሳ ቢሆን እንኳ በየሕዋሱ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይሠራል፤ ይህን ሜሪ ላዮን የተባለች እንግሊዛዊት ሳይንቲስት በ1961 አስረድታለች። ስለዚህ ከፊሉ የደም ሕዋሷ ጤናማ፣ ከፊሉ ጉድለት ያለበት ይሆናል። ለዚህም ነው አዎን ወይም አይደለም ብቻ የሚል ፈጣን ምርመራ በከፊል የጎደለባቸውን ሴቶች ሊስታቸው የሚችለው። ሴት ናትና አይነካትም ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ እኅቱም ሳትመረመር ነፃ ናት ማለት አይቻልም።

በሦስተኛው ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልምድ ያላቸውም የሚሳሳቱበት ነውና። ሕዋስ ባረጀ ቁጥር የጂ6ፒዲ መጠኑ ይቀንሳል። በመፍረሱ ወቅት የሚያልቁት አሮጌዎቹ ናቸው፤ መቅኒ በፍጥነት የሚልካቸው አዳዲሶቹ ደግሞ ኢንዛይም አላቸው። ስለዚህ በሕመሙ መካከል የተወሰደው ናሙና ደህና የሚል ውጤት ቢሰጥ ወጣቱ ጤናማ ነው ማለት አይደለም፤ ደሙ ከተመለሰ በኋላ፣ ከ3 ወር ገደማ በኋላ፣ ምርመራው ሊደገም ይገባል። እስከዚያ ድረስ በመዝገቡ ላይ በግልጽ ይጻፍለት፤ ለቤተሰቡም ይነገር። የዓለም ጤና ድርጅት ጉድለት ላለባቸው ሰዎች ፕሪማኪንን በየቀኑ ከመስጠት ይልቅ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በኪሎ ግራም 0.75 ሚሊ ግራም፣ ለ8 ሳምንት፣ በቅርብ ክትትል መስጠት እንደሚቻል ይመክራል፤ ይህን የሚወስነው ግን የሚከታተለው ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ የጤና መኮንንነት ተማሪ ነኝ። ብዙ ሆነን በአንድ አስከሬን ዙሪያ ስለምንቆም ከትከሻ በላይ ከማየት ያለፈ ነገር አላገኘሁም። የነርቮች ስም ይደባለቅብኛል። ያለ አስከሬን አናቶሚን መከለስ ይቻላል?
ተማሪ፣ ጎንደር

መልስ፦ ይቻላል፤ ምክንያቱም የሚጠቅምሽ አናቶሚ ከሞላ ጎደል በራስሽ አካል ላይ አለ። ክርንሽን ስትመቺው ትንሹ ጣትሽን የሚነዝርሽ የአልናር ነርቭ ነው። መርፌ በመቀመጫ ላይ ሲሰጥ የላይኛውና የውጪው ሩብ የሚመረጠው ሳያቲክ የተባለው ትልቅ ነርቭ ከታችና ከውስጥ በኩል ስለሚያልፍ ነው፤ በሕፃናት ላይ ጭራሽ በጭን ፊትና ጎን የሚሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስሙ የሚጸናው ቢጎዳ ምን እንደሚጠፋ ስትጠይቂ ነው።

አንድ ምሳሌ በደንብ ብታጠኚ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ እኔ የምመርጥልሽ ሪከረንት ላሪንጂያል የተባለውን ነርቭ ነው። እንቅርት በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ሐኪሞች የሚፈሩት ይህን ነርቭ መጉዳት ነው፤ በአንድ ጎን ሲጎዳ ድምፅ ይጎረንናል፣ በሁለቱም ጎን ሲጎዳ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። ከቬገስ ነርቭ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ጉሮሮ መሄድ ሲችል በቀኝ የሳብክሌቪያን ደም ቅዳን፣ በግራ ደግሞ ከልብ በላይ ያለውን የአዮርታ ቅስት ዞሮ ይመለሳል። ለምን? በጽንስ ጊዜ ነርቮቹ በአንገት አካባቢ ካሉት የደም ቅዳ ቅስቶች በስድስተኛው ሥር ነበሩ፤ በግራ ይህ ቅስት ከልደት በፊት ደም ሲያሳልፍ የነበረው ዳክተስ ሆኖ ስለ ቀረ ነርቩን ወደ ደረት ጎተተው፤ በቀኝ ግን ስለ ጠፋ ነርቩ ወደ አራተኛው ቅስት፣ ማለትም ወደ ሳብክሌቪያኑ ወጣ። ይህን ካወቅሽ በልብ ቁርጥማት ሚትራል ቫልቩ ጠቦ የግራ የላይኛው የልብ ክፍል ያበጠበት ሰው ድምፁ ለምን እንደሚጎረንን፣ የግራ ሳንባ ዕጢም ለምን ይህንኑ እንደሚያመጣ ሳትሸመድጂ ትመልሻለሽ። ከቀዶ ሕክምናው ማግሥት ጣቶቹ የሚኮማተሩበት ታማሚ ግን የነርቭ ችግር የለበትም፤ ከታይሮይዱ ጋር ፓራታይሮይድ ዕጢዎቹ ተነክተው ካልሲየሙ ወርዷል።

ጥያቄ፦ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ለደረጃ ማሻሻያ ትምህርት እየተዘጋጀሁ ነው። ኢሙኖሎጂ የሳይቶካይን (የመከላከያ ሕዋሳት የሚላላኩባቸው ውሁዶች) ስሞች ዝርዝር ሆኖብኛል። የት እንደምጀምር አላውቅም።
አዋላጅ፣ ደሴ

መልስ፦ ዝርዝሩን ለጊዜው ያስቀምጡት። በየቀኑ የሚሞሉት የሕፃናት ክትባት ካርድ ሙሉ የኢሙኖሎጂ ማውጫ ነው፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ለምን በዚህ ዕድሜ፣ ለምን በዚህ መንገድ ብለው ይጠይቁ።

የሳንባ ነቀርሳ ክትባት የሆነው ቢሲጂ ሕፃኑ ገና ሲወለድ ይሰጣል፤ የኩፍኝ ክትባት ግን እስከ 9 ወር ይጠበቃል። ሁለቱም ሕያው ሆነው ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ? እናት አይጂጂ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካሏን በእንግዴ ልጅ በኩል፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ ለልጇ ታስተላልፋለች። ይህ የእናት ስጦታ የኩፍኝ ክትባቱን ቫይረስ ገና ሳይራባ ያመክነዋል፤ ስለዚህ እስኪቀንስ ይጠበቃል፤ በ9 ወርም ያልተሳካላቸው ልጆች ስለማይጠፉ በ15 ወር ይደገማል። የቢሲጂ ጥበቃ ግን የቲ ሕዋሳት ሥራ ስለሆነ የእናት ፀረ እንግዳ አካል አያግደውም። በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ በአንጀት ውስጥ አይጂኤን ያስነሣል፤ በመርፌ የሚሰጠው ግን ደምን እንጂ አንጀትን ያን ያህል አይጠብቅም። የኒሞኮካል ክትባት የባክቴሪያውን ሽፋን ስኳር ከፕሮቲን ጋር አጣምሮ የሚቀርብበት ምክንያት ደግሞ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ለስኳሩ ብቻ በቂ ምላሽ ስለማይሰጥ ነው፤ ፕሮቲኑ የቲ ሕዋስን እርዳታ ይጠራል፣ ቢ ሕዋሱም ትውስታ ያለው አይጂጂ ወደ ማምረት ይሻገራል።

ከዚያ ካርዱን ገልብጠው ያንብቡት፤ ከመከላከያው ሥርዓት አንዱ ክፍል ቢጎድል የትኛው መስመር ይበላሻል? የቲ ሕዋስ የሌለው ሕፃን በቢሲጂ በራሱ ሊታመም ይችላል። ቢ ሕዋስ የሌለው ወንድ ሕፃን ግን፣ ጉድለቱ እንደ ጂ6ፒዲው በኤክስ ክሮሞዞም የሚወረስ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጤናማ ይመስላል፤ የጆሮና የሳንባ ኢንፌክሽን የሚደጋገምበት የእናቱ አይጂጂ ሲያልቅበት፣ ከ6 ወር ገደማ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ወደ እርስዎ ሲመጣ ጉሮሮውን ይመልከቱ፤ ቶንሲሎቹ እጅግ ትንንሽ ናቸው ወይም ከናካቴው አይታዩም።